ባዮሎጂ ለሚወድ የኢንጂነሪንግ ተማሪ፦ ዲፓርትመንት ከመሙላታችሁ በፊት

የዲፓርትመንት ምርጫ ሰሞን ስልኬ አያርፍም። የአክስቴ ልጅ፣ የጎረቤት ልጅ፣ የባልደረባዬ እህት። ጥያቄው ሁሌም ያው ነው፦ «አንድ ነገር ላማክርሽ ነበር። ኢንጂነሪንግ ገብቻለሁ፣ ግን ባዮሎጂ ነው የምወደው። የአካባቢ ጥበቃ ነገርም ደስ ይለኛል። ምን ልሙላ?» በቴሌግራም ድምፅ እየቀዳሁ መመለስ ሰለቸኝ። ይኸው ጻፍኩት።

መጀመሪያ ከየት ሆኜ እንደማወራ ልንገራችሁ። የተማርኩት ኬሚካል ኢንጂነሪንግ ነው። የምሠራው በአንድ ቢራ ፋብሪካ የፍሳሽ ማጣሪያ ውስጥ ነው። ቤተሰቦቼ እስከ ዛሬ «ቢራ ጠማቂ ናት» እያሉ ነው ለዘመድ የሚያስተዋውቁኝ። እኔ ግን ከቢራው ጋር ብዙም አንገናኝም። ውሎዬ ከባክቴሪያ ጋር ነው።

በኛ ሰፈር ባዮሎጂ የሚወድ ጎበዝ ተማሪ መንገዱ አንድ ነበር፤ ህክምና። አባዬ ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ ጀምሮ «ዶክተሬ» ይለኝ ነበር። እኔ ደግሞ የሴል ምዕራፉን፣ ያንን ስኳር ተሰባብሮ ጉልበት የሚሆንበትን ነገር እወደዋለሁ እንጂ የአጥንት ስም ማሸምደድ አልወድም። ሒሳብም እወዳለሁ። ኢንጂነሪንግ እገባለሁ ስል አባዬ ትንሽ አኮረፈ፤ ኋላ ተወው። እናንተም ቤት ይሄ ክርክር ካለ፣ ህክምናን የምትፈልጉት ሕመምተኛ ማየት ስለምትወዱ ነው ወይስ ባዮሎጂ ስለምትወዱ? ሁለተኛው ከሆነ ሌላ ብዙ በር አለ። የመጀመሪያው ከሆነ ግን ኢንጂነሪንግ ውስጥ አታገኙትም፤ ጊዜ ሳታባክኑ ሂዱና ህክምና ተማሩ።

ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ዲፓርትመንትን በስሙ አትምረጡ። የሦስተኛና የአራተኛ ዓመት የኮርስ ዝርዝሩን አውጥታችሁ ምረጡ። በኛ ጊዜ አንዲት ሲኒየር የራሷን የኮርስ ዝርዝር ከዶርሟ አምጥታ ጠረጴዛ ላይ ዘርግታልን ነበር። ኢንቫይሮመንታል የሚል ስም አይተው የጓጉ ጓደኞቼ ዝርዝሩን ሲያዩ ፊታቸው ተለወጠ። ሰርቬይንግ፣ ሶይል ሜካኒክስ፣ ሃይድሮሊክስ፣ የኮንክሪት ዲዛይን። አንዱ «ይሄማ ሲቪል ነው!» አለ። አልተሳሳተም። እኛ አገር «ውሃ አቅርቦትና ኢንቫይሮመንታል» የሚባለው ትምህርት ከሲቪል ጎን ነው የበቀለው። ቧንቧ፣ ማጠራቀሚያ፣ ግድብ፣ ቦይ ነው። ስለ ሕያው ነገር የሚያወሩ ኮርሶች አሉት፤ ጥቂት ናቸው።

ይህን የምለው ለማጣጣል አይደለም። መጋቢት 2 ቀን 2009 የቆሼ ቆሻሻ ተራራ ተደርምሶ ከ110 በላይ ሰው ሲሞት፣ ጉዳዩ በብዙ ሰው ዓይን የጽዳት ጉዳይ ነበር። ለኢንጂነር ግን ገደል የመናድ ጉዳይም ነው። የተከመረ ቆሻሻ ምን ያህል ተዳፋት ይችላል? ውስጡ የሚጠራቀመው ውሃና ጋዝ ምን ያደርገዋል? ይሄ ሶይል ሜካኒክስ ነው። ያኔ «ኢንቫይሮመንታል ለምን አፈር ይማራል?» የሚለው ጥያቄ ለብዙዎቻችን መልስ አገኘ። ስለዚህ አካባቢን የምትወዱት ሰው ንጹሕ ውሃ እንዲጠጣ፣ ቆሻሻ በሥርዓት እንዲቀበር ከሆነና ሜዳ ወጥቶ መሥራት ካላስጠላችሁ፣ ይሄ የናንተ ቦታ ነው። አርባ ምንጭ በዚህ በኩል ትልቅ ስም አለው፤ የውሃ ቴክኖሎጂ ተቋም ሆኖ ነው የተጀመረው።

እዚያ የተማረ አንድ ጓደኛ አለኝ። አሁን በስምጥ ሸለቆ የገጠር ውሃ ላይ ይሠራል። የሱ ዋና ጠላት ባክቴሪያ አይደለም፤ ፍሎራይድ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የመጠጥ ውሃ ገደብ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። በሸለቆው ብዙ ጉድጓዶች ከዚያ ያልፋሉ። ወንጂ አካባቢ ያደገ ሰው ጥርሱ ለምን እንደበለዘ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ መጠኑ ሲበዛ አጥንትም ይጎዳል። አንዱ መፍትሔ ውሃውን በተከሰለ የከብት አጥንት ውስጥ ማሳለፍ ነው። ነገሩ ኬሚስትሪ ይመስላል፤ እሱ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳልፈው ከፓምፕ፣ ከጄኔሬተር ነዳጅና ከውሃ ኮሚቴ ጋር ነው። «አጥንቱን የሚቀይረው ማነው? በማን ብር?» የሚል ስብሰባ ላይ ግማሽ ቀን ይቀመጣል። ይወደዋል። እኔ ብሆን እብድ ነበር።

የኬሚካሉ ዝርዝር ሌላ ዓለም ነው። የገባውና የወጣው የሚመዛዘንበት ስሌት፣ ቴርሞዳይናሚክስ፣ ሙቀት ማስተላለፍ፣ መለያየት፣ ሪአክተር ዲዛይን፣ ኋላ ላይ ባዮኬሚካል ኢንጂነሪንግ። ስሙ ውስጥ አካባቢም ባዮሎጂም የለም። አዲስ አበባ ላይ አምስት ኪሎ ያለው ትምህርት ቤት «ኬሚካልና ባዮ ኢንጂነሪንግ» ይባላል፤ በሌሎች ግቢዎች ግን ኬሚካል ብቻ ነው፣ ወይም ከምግብ ጋር ተጣምሮ ይሰጣል። እኔ የመረጥኩት ያቺ ሲኒየር ዝርዝሩ ላይ በጣቷ ሪአክተር የሚለውን ነክታ «ባክቴሪያ እዚህ ውስጥ ነው ያለው» ስላለችኝ ነው።

ምን ማለቷ እንደሆነ የገባኝ አራተኛ ዓመት ለኢንተርንሽፕ ስወጣ ነው። ቃሊቲ የፍሳሽ ማጣሪያን ጎበኘን። በቀን 100,000 ሜትር ኪዩብ እንዲያጣራ የተሠራ ነው። ፍሳሹ ከታች ገብቶ ቀስ ብሎ ወደ ላይ ይወጣል። መሐል ላይ አየር በሌለበት የሚኖሩ ባክቴሪያዎች የሞሉበት የዝቃጭ ድርብርብ አለ። ፍሳሹ በዚያ ሲያልፍ ቆሻሻውን በልተው ባዮጋዝ ያወጣሉ። ዘዴው በ1970ዎቹ ሆላንድ ውስጥ የተፈጠረ ነው፤ እነ ጋትዘ ሌቲንጋ። አሁን የምሠራበት ሪአክተርም በዚሁ ዘዴ ነው የሚሠራው። አዲስ ሪአክተር ሲጀመር ከሌላ፣ ሥራ ላይ ካለ ሪአክተር ዝቃጭ ተጭኖ መጥቶ ይገለበጥበታል፤ እናቶቻችን ከጎረቤት እርሾ እንደሚበደሩት ማለት ነው። ያለዚያ ወራት መጠበቅ ነው።

አንድ ሌሊት ልንገራችሁ፤ ሥራው ምን እንደሚመስል ከኮርስ ዝርዝር በላይ ያሳያል። ተረኛ ነበርኩ። ከላይ ያለው ክፍል የተበላሸ ቢራ ከታንክ ወደ ፍሳሽ መስመር ለቀቀ፤ ለኛ ሳይነግሩን። ቢራ ለሰው ቢራ ነው፤ ለባክቴሪያ ግን ከአቅም በላይ የሆነ ድግስ ነው። መጀመሪያ ያወቅሁት ከሽታው ነው። ከዚያ የፒኤች (የአሲድነት) መለኪያውን አየሁ፤ ቁጥሩ ሲወርድ አሲዱ በዛ ማለት ነው። ከ7 አካባቢ ወርዶ 6.5 ደርሷል፤ ገና እየወረደ ነው። የጋዝ ቆጣሪው ደግሞ መቀዝቀዝ ጀምሯል።

ሪአክተሩ ውስጥ በጥቅሉ ሁለት ዓይነት ሠራተኛ አለ። አንደኛው ቆሻሻውን ወደ አሲድ ይቀይራል፤ ፈጣን ነው፣ ቶሎ ይራባል። ሁለተኛው አሲዱን ተቀብሎ ወደ ሚቴን ይቀይራል፤ ዘገምተኛ ነው፣ ሆደ ባሻ ነው፣ አሲድ ሲበዛበት ሥራ ያቆማል። ድግሱ ሲመጣ ፈጣኑ አሲዱን ይከምራል፣ ዘገምተኛው ያቆማል፣ አሲዱ ይብሳል። ይሄ ባዮሎጂ ነው፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የምወደው ዓይነት። ነገር ግን በዚያ ሰዓት ኦፕሬተሩ አጠገቤ ቆሞ የሚጠይቀኝ ሌላ ነው፦ «ስንት ኪሎ ኮስቲክ ሶዳ ልጨምር? ፓምፑን ወደ ስንት ላውርደው?» መልሱ ቁጥር ነው። ምን ያህል ቆሻሻ ገባ፣ ሪአክተሩ ስንት ሜትር ኪዩብ ይይዛል፣ በሰዓት ስንት ይገባል። ሁለተኛ ዓመት ላይ እየተራገምን የሠራነው የገባና የወጣ ስሌት ማለት ይሄ ነው። የሚገባውን ቀነስን፣ አሲዱን እንዲያለዝብ ሶዳውን በትንሽ በትንሹ ጨመርን፣ የወጣውን መልሰን አዞርን። ሪአክተሩ ወደ ልቡ እስኪመለስ ግን ሳምንታት ወሰደበት። ማታ የተለቀቀ ነገር ጠዋት አይስተካከልም።

ኢንጂነሪንግ ውስጥ ያለው ባዮሎጂ እንግዲህ ይህን ይመስላል። ፍጡሩን በአጉሊ መነጽር ማየት ጥቂት ነው። ፍጥነቱን፣ ምግቡን፣ ሙቀቱን በቁጥር መያዝ ብዙ ነው። ፍጡሩን ራሱን ማጥናት የምትፈልጉ ባዮሎጂ ወይም ባዮቴክኖሎጂ ሂዱ። በነገራችን ላይ ባዮቴክኖሎጂ በብዙ ግቢ ሳይንስ ኮሌጅ ሥር ነው፤ ኢንጂነሪንግ አይደለም። አንዳንድ ልጅ ከኢንጂነሪንግ ጋር አንድ መስሎት ይጠይቀኛል።

ላብም አለ፤ ላብ ለምትወዱ። በፍሳሽ ውስጥ ያለውን ቆሻሻ ለመለካት ሁለት መንገድ አለ። ቢኦዲ የሚባለው ቆሻሻውን ለባክቴሪያ አስበልቶ የሚለካ ነው፤ ናሙናው ጠርሙስ ውስጥ ታሽጎ፣ በጨለማ፣ በ20 ዲግሪ፣ 5 ቀን ይቀመጣል። ሲኦዲ የሚባለው በኬሚካል አቃጥሎ ይለካል፤ በ150 ዲግሪ 2 ሰዓት። ሕጉ ስለ ሁለቱም ይጠይቃል። እኛ ግን የዕለት ውሳኔ የምንወስነው በሲኦዲ ነው፤ የሰኞን ችግር ቅዳሜ ማወቅ ምን ይረባል?

ባዮሜዲካልን በተመለከተ አጭር ነገር ልበል፤ ብዙ ሰው የሚደናገረው እዚህ ነው። ስሙ ውስጥ «ባዮ»ም «ሜዲካል»ም አለ። ኮርሱ ግን በአብዛኛው ኤሌክትሪካል ነው። ሰርኪት፣ ኤሌክትሮኒክስ፣ ሲግናል፣ የመሣሪያ ትምህርት። አናቶሚና ፊዚዮሎጂ አለው፤ እሱም የሚሰጠው መሣሪያው ምን እንደሚለካ እንዲገባችሁ ነው። የዶርም ጓደኛዬ ይህን ተማረች። አሁን ሆስፒታል ነው የምትሠራው። ኦክስጅን ማምረቻ፣ አልትራሳውንድ፣ የማምከኛ ማሽን ትጠግናለች። ከውጭ በእርዳታ የመጣ በ110 ቮልት የሚሠራ ማሽን ሰው በ220 ሰክቶ አቃጥሎ «አይሠራም፣ እይልን» ብሎ ይጠራታል። መለዋወጫ ፍለጋ መርካቶ ትዞራለች። አንድ የጨቅላ ሕፃናት ማሞቂያ ስትጠግን ደስታዋ ልክ የለውም። ሶልደር ማድረግ፣ መፍታት መግጠም ለሚወድ ሰው ግሩም ነው። ባዮሎጂ ፈልጎ ለሄደ ግን ሁለተኛ ዓመት ላይ ሰርኪት ሲመጣ ነገሩ ይመራል።

ምግብ ኢንጂነሪንግ ደግሞ ያለ ፍትሕ የተረሳ ነው። ማይክሮባዮሎጂ በብዛት የሚገኘው እዚያ ነው ብል አላጋነንኩም። ባህር ዳርና ሐረማያን ጠይቁ። የመስኖና የአፈር ውሃ ጥበቃ ዘርፎች ገጠርና እርሻ ለሚወድ ናቸው፤ እኔ በቅርብ ስለማላውቃቸው እዚያ የተማረ ሰው ፈልጉ።

አሁን ወደማይወደደው ነገር፤ ሥራ። እኛ አገር ክፍት የሥራ ቦታ ማስታወቂያ የሚጻፈው በዲፓርትመንት ስም ነው። «በውሃ አቅርቦትና ኢንቫይሮመንታል ኢንጂነሪንግ ወይም በተዛማጅ»። ያቺ «በተዛማጅ» የምትለው ነገር የሰው ኃይል ኃላፊው ስሜት ላይ የተንጠለጠለች ናት። እኔ ፍሳሽ ማጣሪያ ላይ እየሠራሁ ለአንድ መሥሪያ ቤት የፍሳሽ ማጣሪያ ባለሙያ ቦታ አመለከትኩ። ፎርሙን የተቀበለችኝ ልጅ ዲግሪዬን አየት አድርጋ «ማስታወቂያው ኬሚካል አይልም» ብላ መለሰችልኝ። ብነግራት ብነግራት አልሆነም። ስለዚህ የመንግሥት የውሃ ቢሮ፣ የከተማ ውሃና ፍሳሽ፣ በዋሽ (የውሃ፣ የመጸዳጃና የንጽሕና) ፕሮግራም የሚሠሩ ድርጅቶች ውስጥ መግባት የምታስቡ ከሆነ፣ ዲግሪያችሁ ላይ ያለው ስም ዋጋ አለው። ፋብሪካ ከሆነ ኬሚካል ይሻላል። ቢራው፣ ቆዳው፣ ስኳሩ፣ ጨርቃ ጨርቁ ሁሉም ፍሳሽ አለው። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ፍሳሹን አጣርቶ መልሶ እንዲጠቀም ተደርጎ ነው የተሠራው፤ እዚያ የሚሠሩ የግቢ ልጆች አሉ። በአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ፣ ቁጥር 299/1995፣ ግምገማ የሚጠየቅበት ፕሮጀክት ያለሱ አይጀመርም፤ ስለዚህ ይህን የሚሠሩ አማካሪ ድርጅቶችም ሰው ይፈልጋሉ። እዚያ ሲቪሉም ኬሚካሉም ባዮሎጂስቱም አንድ ሪፖርት ላይ ይገናኛሉ።

ከ2015 ጀምሮ ደግሞ የመውጫ ፈተና አለ። 50 በመቶ ያላመጣ አይመረቅም። ፈተናው በዲፓርትመንታችሁ ስም ነው የሚመጣው፤ በፍላጎታችሁ ስም አይደለም። በኮንክሪት እየተማረራችሁ ኢንቫይሮመንታል ውስጥ ብትቀመጡ፣ መጨረሻ ላይም ኮንክሪቱ ይጠይቃችኋል።

ማስተርስ በሩን ይከፍታል። ኢንቫይሮመንታል ማስተርስ ሲቪልንም ኬሚካልንም ይቀበላል። ሆላንድ ዴልፍት ያለው የውሃ ትምህርት ተቋም ሄደው የተመለሱ ባልደረቦች አሉኝ፤ ከተለያየ ዲፓርትመንት ነው የሄዱት። ሜሪላንድ ያለች የአክስቴ ልጅም ጠይቃኝ ነበር። እዚያ በብዙ ግቢ ሲቪልና ኢንቫይሮመንታል አንድ ቤት ናቸው፤ ሜጀር መቀየርም እንደኛ አገር ጭንቅ አይደለም። ለሷ ያልኳት፣ ፕሮግራሙ በአቤት (ABET፣ ለኢንጂነሪንግ ትምህርት እውቅና በሚሰጠው የአሜሪካ ድርጅት) እውቅና ያለው መሆኑን አረጋግጪ፣ የመጀመሪያውን ዓመት ሒሳብና ኬሚስትሪ በደንብ ያዢ፣ ከዚያ ወስኚ ነው።

ለምርጫው የማዘው አንድ ፈተና አለኝ። ከሲኒየሮች የሦስተኛ ዓመት ወርክሺት ለምኑ፤ የቴሌግራም ቻናሎች ላይም ሞልቷል። ሦስት ጥያቄ አውጡ። አንዱ ታንክ ውስጥ የሚገባና የሚወጣ፣ አንዱ ጭነት የተሸከመ ምሰሶ፣ አንዱ ሰርኪት። መመለስ አይጠበቅባችሁም። የትኛው እንዳስቀመጣችሁ ብቻ እዩ። ሁለቱን ገፍታችሁ አንዱ ላይ ግማሽ ሰዓት ከቆያችሁ እሱ ነው። እህቴ ላይ ሞክሬዋለሁ፤ ሰርኪቱን ይዛ እራት አልበላም አለች። ኤሌክትሪካል ገባች፤ የባዮሎጂ ፍቅሯም የት እንደገባ እንጃ።

ፎርሙን ስትሞሉ ደግሞ ጂፒኤያችሁን አትርሱ። ሶፍትዌርና ኤሌክትሪካል አንደኛ ላይ ሞልታችሁ የምትወዱትን አምስተኛ ብታስቀምጡ፣ ኮታው ከመሐል የማትፈልጉት ላይ ይጥላችኋል። የምትወዱትን አንደኛ፣ የሚቀርበውን ሁለተኛ አድርጉ። ካልደረሳችሁም ዓለም አላለቀም። የመመረቂያ ፕሮጀክት የምትመርጡት እናንተ ናችሁ። መካኒካል ሆናችሁ ባዮጋዝ ማብላያ፣ ኤሌክትሪካል ሆናችሁ የፒኤች መቆጣጠሪያ መሥራት ትችላላችሁ። ያን ሌሊት አጠገቤ ቆሞ «ስንት ልጨምር?» ያለኝ ኦፕሬተር የመካኒካል ምሩቅ ነው። ዛሬ ፒኤቹ ሲወርድ ሳይጠይቀኝ ፓምፑን ያወርዳል። ጠዋት ስገባ ያደረገውን መዝገቡ ላይ አነባለሁ።